ከተሸጠ በኋላ ያለው ታሪክ፤ ላንድሮቨርና የቤት ውስጥ ጥገናው

የአውቶሞቢልን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በመኪናው መወለድ ላይ ነው። ማን እንዳሰበው፣ በየትኛው ፋብሪካ እንደ ተሠራ፣ በስንት ገንዘብ ለገበያ እንደ ቀረበ በዝርዝር ይነግሩናል። ከተሸጠ በኋላ ያለው ሠላሳና አርባ ዓመት፣ ይኸውም መኪናው የሚሰበርበት፣ የሚዝግበት፣ በባለቤቱ ግቢ ተፈታትቶ እንደገና የሚገጣጠምበት ዘመን ግን ከታሪክ እንደማይቆጠር ሆኖ ይታለፋል። ነገር ግን አንድ መኪና በፋብሪካ የሚቆየው ጥቂት ቀን ሲሆን በሰው እጅ የሚኖረው ብዙ ዓመት ነው። በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ የተዘለለውን ክፍል ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው በእንግሊዝ አገር የተሠራውንና በአራቱም ጎማዎቹ የሚጎትተውን ላንድሮቨርን ነው። ይህ መኪና በአገራችንም የታወቀ ከመሆኑ በላይ፣ በባለቤቱ እጅ የመጠገን ልማዱ እንደ እርሱ የሰፋና በጽሑፍም የተመዘገበ ሌላ መኪና ብዙ አይገኝም። ላንድሮቨር ለዘመናት የቆየው ብረቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ነው የሚለው አነጋገር በሰፊው ይሰማል። እኛ ግን የቆየው በየጊዜው ስለሚበላሽና የተበላሸውም በቀላሉ ስለሚታደስ ነው ብንል ወደ እውነቱ ይበልጥ የምንቀርብ ይመስለናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ አሜሪካዊው ጂፕ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1940 ቀላልና በአራት ጎማ የሚጎትት መኪና እንዲሠራለት ለፋብሪካዎች ጥያቄ ባቀረበ ጊዜ፣ በፔንሲልቬኒያ በበትለር ከተማ የሚገኘው ባንታም የተባለው ትንሽ ፋብሪካ የመጀመሪያውን ናሙና በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር አስረከበ። ሥራው በብዛት የተሰጠው ግን ለዊሊስና ለፎርድ ነበር፤ ሁለቱም እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ከ600,000 በላይ ጂፖች ሠሩ። ሰላም ሲሆን ከእነዚህ ብዙዎቹ የጦር ሠራዊት ትርፍ ዕቃ ተብለው እየተሸጡ በገበሬዎች እጅ ገቡ። መድፍ ይጎትት የነበረው ጂፕ ማረሻና የሣር ጋሪ ይጎትት ጀመር።

የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበሩት ሚስተር ሞሪስ ዊልክስም በዌልስ፣ አንግልሲ በምትባለው ደሴት በነበራቸው እርሻ ላይ ከእነዚህ ጂፖች በአንዱ ይሠሩ ነበር። ጂፑ እያረጀ ሲሄድ መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነባቸው። ወንድማቸውና የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ስፔንሰር ዊልክስ ይህ ሲያልቅ በምን እንደሚተኩት ቢጠይቋቸው፣ ሌላ ጂፕ ከመግዛት በቀር ምርጫ እንደሌላቸው መለሱ፤ ከዚያም ሚስተር ሞሪስ በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ የአዲሱን መኪና ቅርጽ ሣሉ ይባላል። ይህ ታሪክ በየመጽሐፉ የሚደጋገም ነው። በአሸዋ ላይ የተሣለውን ሥዕል ማዕበሉ ስለ ወሰደው ምስክር አድርገን ልናቀርበው አንችልም። ሆኖም ለታሪክ ተማሪ ከሥዕሉ ይልቅ የሚጠቅመው በነገሩ መነሻ ላይ ያለው ችግር ነው። ላንድሮቨር የተፀነሰው አንድ አሮጌ ባለ አራት ጎማ መኪና በቤቱ ሲጠግን በተቸገረ ሰው አሳብ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ናሙና በ1947 በጂፕ ሻንሲ ላይ ተሠራ፤ መሪውም በመካከል የተተከለ ነበር። የኩባንያው ቦርድ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደ፤ መኪናውም ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ። በዚያን ጊዜ ሞተሩ 1,595 ሲሲና 50 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ ከፊት አክስሉ እስከ ኋላ አክስሉ ያለው ርቀት 80 ኢንች፣ ዋጋውም 450 ፓውንድ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም ኋላ በየገበሬው ግቢ የሚሆነው ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ዘመን ችግር ነውና። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ነበር። መንግሥትም ብረቱን ቅድሚያ ሰጥቶ የሚያድለው ዕቃውን ወደ ውጭ አገር ሸጦ የውጭ ምንዛሪ ለሚያስገባ ፋብሪካ ነበር። ሮቨር ሲሠራቸው የነበሩት የከተማ አውቶሞቢሎች ለዚህ የሚበቁ አልነበሩም። በሌላ በኩል የአይሮፕላን ሥራ በመቀነሱ አሉሚንየም እንደ ልብ ይገኝ ነበር። ስለዚህ የመኪናው አካል ቢርማብራይት ከተባለው የአሉሚንየም ቅይጥ እንዲሆን ተወሰነ። ላሜራውን በትላልቅ ማተሚያዎች ለመቅረጽ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ ስለ ነበረ፣ አካሉ በተቻለ መጠን ጠፍጣፋ ሆኖ በቀላል መሣሪያ እንዲታጠፍ ተደረገ። ሻንሲውም በትልቅ ማተሚያ የተቀረጸ ሳይሆን፣ ጠፍጣፋ የብረት ቁራጮች አራት በአራት እየተበየዱ እንደ ሣጥን የተሠራ ነው። ቀለሙ እንኳ ሳይቀር ለአይሮፕላን ክፍሎች ከተዘጋጀው አረንጓዴ ቀለም የተረፈው ነበር።

የፋብሪካው ሰዎች ይህን ያደረጉት ወጪ ለመቀነስና ብረት ለመቆጠብ እንጂ ለባለቤቱ አስበው አይደለም። ውጤቱ ግን ያላሰቡት ሆነ። ያለ ማተሚያ የተሠራ ነገር ያለ ማተሚያ ሊጠገን ይችላል። ጠፍጣፋ ላሜራ ሲጎብጥ በመዶሻና በእንጨት ይቃናል፤ ቢቀደድም ከሌላ ላሜራ ተቆርጦ ይተካል። በዘመኑ ሌሎች አውቶሞቢል ሠሪዎች አካሉንና ሻንሲውን አንድ አድርገው መበየድ ሲጀምሩ፣ ላንድሮቨር በሻንሲው ላይ በብሎንና በዳዶ የታሰረ የቁርጥራጭ ስብስብ ሆኖ ቀረ። በሩ፣ ኮፋኖው፣ የፊት ፓራፋንጎው፣ የኋላው ሣጥን፣ ሁሉም በየራሳቸው ይፈታሉ። ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ትዕግሥት ያለው ሰው መኪናውን በአንድ መጋዘን ውስጥ እስከ ባዶ ሻንሲው ድረስ ሊያወርደው ይችላል።

ገዢውም ቢሆን ይህን ሥራ የሚፈራ ሰው አልነበረም። ሮቨር ላንድሮቨርን ለገበሬ ያቀረበው እንደ መኪና ብቻ ሳይሆን እንደ እርሻ መሣሪያ ነበር፤ ከሞተሩ ኃይል በልዩ ዘንግ እየተወሰደ መጋዝና የእህል መውቂያ ይነዳበት ነበር። ትራክተሩን ራሱ የሚጠግን ገበሬ ላንድሮቨሩን ወደ ከተማ ጋራዥ የሚወስድበት ምክንያት አልነበረውም። ሞርሳውም፣ ግራሶውም፣ ክሪኩም በግቢው አለ። ኩባንያው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብሎ የጀመረው ይህ ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከከተማ አውቶሞቢሎቹ ሽያጭ በለጠ።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንለፍ፤ እርሱም ዝገት ነው። አካሉ አሉሚንየም ስለሆነ አይዝግም፤ ብዙ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው ላንድሮቨር አይዝግም ይላሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከአሉሚንየሙ በታች ያለው ሻንሲ ተራ ብረት ነው፤ ሣጥን ሆኖ ስለ ተበየደም ጭቃና ውሃ ወደ ውስጡ ይገባል እንጂ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ የሚዝገው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ከላይ ቀለሙ ደኅና መስሎ ሲታይ መዶሻ ቢመቱበት ይበሳል። በተለይ የሚጎዱት የኋላው መስቀለኛ ብረት፣ አካሉን የሚሸከሙት የጎን ክንዶችና በሞተሩና በነጂው መካከል ያለው የብረት ግድግዳ ከእግር ማሳረፊያው በኩል ናቸው። ከዚህም በላይ አሉሚንየምና ብረት እርጥበት ባለበት በሚነካኩበት ስፍራ በመካከላቸው እንደ ባትሪ ያለ ኤሌክትሪካዊ ሥራ ይፈጠርና አሉሚንየሙ ወደ ነጭ ዱቄት ይለወጣል። በክረምት ለበረዶው ጨው በሚረጭበት አገር ይህ ሁሉ ይፋጠናል።

በ1960 የእንግሊዝ መንግሥት በአሮጌ መኪኖች ላይ የግዴታ ዓመታዊ ምርመራ አቋቋመ። በመጀመሪያ የሚመረመሩት 10 ዓመት የሞላቸው ነበሩ፤ ኋላም በ1967 ወደ 3 ዓመት ዝቅ ተደረገ። ዝገት የተገኘበት ሻንሲ ካልተበየደ በመንገድ ላይ መሄድ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ብየዳ ከባለሙያ እጅ ወጥቶ በየቤቱ የሚማሩት ሥራ ሆነ። የተበላውን ቆርጦ አዲስ ብረት መበየድ የተለመደው መንገድ ነው፤ ነገር ግን በቀጭኑ ብረት ላይ የሚለጠፍ ጥገና በሁለተኛው ክረምት ከጎኑ ይበሳል። ብዙ ባለቤቶች ይህን ለዓመታት ከታገሉ በኋላ የሚደርሱበት ውሳኔ ሻንሲውን በሙሉ መለወጥ ነው። በዚንክ ውስጥ የተነከረ አዲስ ሻንሲ ይገዙና አካሉን፣ ሞተሩን፣ አክስሎቹን አንድ በአንድ ከአሮጌው አውርደው ወደ አዲሱ ያሸጋግራሉ። ይህ ሥራ በብዙ ቤቶች ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለሚሠራ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል።

የዘወትሩ ጥገና ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው፤ መዘንጋትን ግን አይወድም። አንድ የድሮ ላንድሮቨር ዘይቱ የሚታይበት ቢያንስ 8 ቦታ አለ፦ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ከካምቢዮው ኋላ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ሁለቱ ዲፍረንሻሎች፣ የፊት ጎማዎቹ የሚዞሩባቸው ሁለት ሉሎችና የመሪው ሣጥን። ከእነዚህ ሁሉ ይንጠባጠባል፤ በባለቤቶቹም ዘንድ መንጠባጠቡን ካቆመ ዘይቱ አልቋል የሚል ቀልድ አለ። በ2,286 ሲሲው የቤንዚን ሞተር ላይ የቫልቮቹ ክፍተት 0.25 ሚሊሜትር፣ በእሳት አከፋፋዩ ውስጥ የመገናኛ ነጥቦቹ ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ይህን ለመለካት ስስ የብረት ቅጠል ከመያዝ በቀር ሌላ ዕውቀት አያስፈልግም። ባሌስትራው በቅጠሎቹ መካከል ሲዝግ እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይደርቅና ተሳፋሪውን ያንገላታል፤ ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ ግራሶ ቀብቶ መመለስ ነው። ከፍሬኑ መስመር አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከታች ተኝቶ ቀዳዳውን ሲከፍትና ሲዘጋ ሌላው ከላይ ፔዳሉን ይረግጣል። በዚህ ሥራ ሚስት፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ያልተካፈለበት ቤት ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የመኪናውን ጠባይ የሚገልጸው የኋላው አክስል ነው። ኃይሉን ከዲፍረንሻሉ ወደ ጎማው የሚወስደው ዘንግ ደካማ በመሆኑ በከባድ ጭነት ይሰበር ነበር። ይህ በማንኛውም መለኪያ ጉድለት ነው። ነገር ግን የመኪናው ክብደት በዘንጉ ላይ ሳይሆን በአክስሉ ቱቦ ላይ ያረፈ ስለሆነ፣ በጎማው መካከል ያሉትን 6 ብሎኖች ብቻ ፈትቶ ጎማውን ሳያወልቁ፣ በክሪክም ሳያነሡ ዘንጉን መሳብ ይቻላል። ውስጥ የቀረውን ስባሪ ማውጣት ብቻ ጥቂት ያደክማል። ትርፍ ዘንግ ከወንበር በታች የያዘ ሰው በምድረ በዳ መካከል በአጭር ጊዜ ውስጥ መንገዱን ይቀጥላል። ከላይ መኪናው የቆየው ስለሚበላሽና በቀላሉም ስለሚታደስ ነው ያልነውን በዚህ አክስል ላይ በግልጽ እናገኘዋለን። ጠንካራ ዘንግ ያለውና በቤት የማይፈታ አክስል በተሰበረ ቀን የመኪናው ፍጻሜ ይሆናል።

ይህንን ሁሉ ጽፈን ስንመለከተው አንድ ነገር አስተዋልን፤ ለአንባቢም ልናመለክተው እንወዳለን። ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ላሜራ፣ ሞርሳ ብለን ስንጽፍ የተጠቀምነው ከጣልያንኛ በገቡ ቃላት ነው። የአገራችን መካኒክ የእንግሊዙን መኪና ሲፈታ በጣልያን ስም እየጠራ ነው። የቋንቋ ተማሪዎች ቢከታተሉት ጥሩ ጥናት ይወጣዋል ብለን እናምናለን።

በባለቤቱ እጅ የመጠገን ልማድ እንዲስፋፋ የረዳው ሌላው ነገር ጽሑፍ ነው። ፋብሪካው ራሱ ለመካኒኮች ያዘጋጀው የጥገና መጽሐፍ ተራው ሰውም የሚገዛው ነበር። ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ሚስተር ጆን ሄይንስ የሚባሉ እንግሊዛዊ ለልዩ ልዩ መኪኖች የጥገና መጻሕፍት ማሳተም ጀመሩ። የእነዚህ መጻሕፍት ሥርዓት መኪናውን በእውነት እስከ መጨረሻው ፈትቶ፣ እየፈቱ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ እንደገና ገጥሞ መጻፍ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ለማንኛውም ተመራማሪ የሚጠቅም ዘዴ ነው፤ ያልፈቱትን ነገር ፈታሁ ብሎ መጻፍ በታሪክም ዘንድ የተለመደ በሽታ ነውና።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላቸው። በ1955 በሴፕቴምበር ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የተውጣጡ 6 ወጣቶች በሁለት ላንድሮቨር ከለንደን ተነሥተው በማርች 1956 ሲንጋፖር ደረሱ። ከተጓዦቹ አንዱ የሆኑት ሚስተር ቲም ስሌሰር ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጽፈዋል። ከሁለቱ መኪኖች «ኦክስፎርድ» የተባለው ከብዙ ጊዜ በኋላ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው በሴንት ሄሌና ደሴት ላይ ወድቆ ተገኘ። በ2017 ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሰ፤ ታድሶም በ2019 ከሲንጋፖር ወደ ለንደን በመንገድ ተነዳ። በመጀመሪያው ጉዞ ጊዜ ከ20 ዓመት ብዙም ያልበለጡ የነበሩት ጸሐፊው በዚህ ጊዜ በሕመም ምክንያት መሄድ ስላልቻሉ የልጅ ልጃቸው በቦታቸው ተተኩ። ከመኪናውም ከተሳፋሪውም ብዙው ክፍል የተለወጠ ነው፤ ሆኖም ያው ኦክስፎርድ ነው ተብሎ ተነገረ።

ይህ አነጋገር ወደ አንድ ከባድ ጥያቄ ያደርሰናል፤ እርሱም በማደስና በማሻሻል መካከል ያለው ድንበር የት ነው የሚል ነው። በባለቤቶቹ መካከል ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን እያንዳንዱ ብሎን እንደ ፋብሪካው ይሁን ይላል። ሁለተኛው ወገን መኪናው የሥራ መሣሪያ ነውና ከዘመኑ ጋር ይሂድ ይላል። በ1967 ገደማ ድረስ የነበሩት ላንድሮቨሮች የባትሪያቸው አዎንታዊ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረ ስለሆነ የዛሬን ራዲዮና የኤሌክትሪክ ዕቃ አይቀበሉም፤ ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፤ ዲናሞውንም በኦልተርኔተር ይለውጣል። እዚህ ላይ የሚከራከር ጥቂት ነው። ፍጥነቱን ለማሳደግ ከካምቢዮው ኋላ ተጨማሪ ማርሽ የሚገጥሙ አሉ፤ በዚህም ሞተሩ ሳይጮኽ ፍጥነቱ ከሩብ በላይ ይጨምራል። የፊት ጎማዎቹን ከዘንጋቸው የሚያላቅቅ ቁልፍ የሚገጥሙም አሉ። ይህ ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ይታመናል፤ ነገር ግን ዘንጉ ካልዞረ በሉሉ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ላይኛው ተሸካሚ ስለማይረጭ በየወሩ ለጥቂት ርቀት ማገናኘት ይገባል። ይህን የማያውቅ ሰው ቤንዚን ቆጥቦ ተሸካሚውን ያጣል።

ትልቁ ለውጥ የሞተር ነው። ከ1989 ጀምሮ ዲስከቨሪ በተባለው የኩባንያው መኪና ላይ የወጣው 2,495 ሲሲ የናፍታ ሞተር 111 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከአሮጌ ዲስከቨሪዎች እየወጣ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ላንድሮቨሮች ላይ በየቤቱ ተገጠመ፤ የዲስከቨሪው አካል በዝገት ሲያልቅ ሞተሩ ገና ጤነኛ ነበርና። መኪናው በእርግጥ ሌላ መኪና ይሆናል። ነገር ግን ለ77 የፈረስ ጉልበት የተሠራ ካምቢዮ የአዲሱን ጉልበት ሲቀበል ይደክማል፤ ቀድሞውንም ደካማ የነበረው የኋላ ዘንግ ይሰበራል፤ ያለ ረዳት ኃይል የሚሠራው የከበሮ ፍሬን ለአዲሱ ፍጥነት አይበቃም። አንድ ነገር ሲለወጥ ሦስት ነገር ይከተላል። በእኛ አስተያየት ማሻሻል የሚገባው ከፍሬኑ ጀምሮ ወደ ሞተሩ ነው እንጂ ከሞተሩ ጀምሮ ወደ ፍሬኑ አይደለም። በተግባር የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ሞተር ለጎረቤት ይታያል፣ ፍሬን አይታይም።

የእንግሊዝ ሕግም በዚህ ጥያቄ ላይ ተቸግሯል። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ደንብ መሠረት ከሥር የተለወጠ መኪና የቀድሞ ታርጋውን ይዞ እንዲቀጥል ከ14 ነጥብ ቢያንስ 8 ማግኘት ነበረበት። ለሻንሲ 5፣ ለባሌስትራና ለመሰሎቹ 2፣ ለአክስሎች 2፣ ለካምቢዮ 2፣ ለመሪው 2 ይሰጥ ነበር፤ ለሞተሩ ግን 1 ብቻ። ሕጉ የመኪናውን ነፍስ ያገኘው በልቡ ሳይሆን በአጥንቱ ላይ ነው ማለት ነው። ነገር ግን በላንድሮቨር ላይ ቀድሞ የሚጠፋው ያው አጥንት ነው። ደንቡ ይህን ስለሚያውቅ ከፋብሪካው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ አዲስ ሻንሲ ነጥቡን እንዲያገኝ ፈቅዶ ነበር። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ 40 ዓመት የሞላቸው መኪኖች ከዓመታዊው ምርመራ ነጻ ሆኑ፤ ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ መሠረታዊ ለውጥ የተደረገባቸው ግን ከዚህ አይጠቀሙም። በቤቱ የሚያሻሽል ሰው እንግዲህ ከቁልፉ ጋር ሕጉንም መያዝ አለበት።

ከእንግሊዝ አገር ውጭ የነገሩ መልክ ይለያል። በአፍሪካና በአውስትራሊያ ላንድሮቨር የያዘውን ገበያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጃፓኑ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ወሰደበት። በ1960 የወጣው ባለ 40 ቁጥሩ ላንድ ክሩዘር ስድስት ሲሊንደርና ወደ 3.9 ሊትር የሚጠጋ ሞተር ሲኖረው ላንድሮቨር በአብዛኛው በ2,286 ሲሲው ላይ ቆመ። ሮቨር በ1968 ብሪቲሽ ሌይላንድ ከተባለው ታላቅ ድርጅት ጋር ተቀላቀለ፤ ድርጅቱም በ1975 ወደ መንግሥት እጅ ገባ፤ በእነዚያ ዓመታት ለማሻሻል የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። በአገራችንም ላንድ ክሩዘር የገጠሩን መንገድ ወረሰ። ቢሆንም የጥገናው ጠባይ አልተለወጠም። በእንግሊዝ አገር ባለቤቱ ለደስታው የሚሠራውን እኛ አገር መካኒኩ ለእንጀራው ይሠራዋል፤ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተፈቱ መኪኖች የወጣ ካምቢዮና ዲፍረንሻል ይፈለጋል፤ የማይገኘው ቁራጭ በቶርኖ ቤት ይቀረጻል። በ2020 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ኤክሳይዝ ታክስ ተጣለ፤ በ2024 ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ታገደ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከቀድሞው ይልቅ ረዥም ዕድሜ ይጠበቅበታል። የመካኒኮቻችን ዕውቀት ግን በአብዛኛው ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ነው፤ የጻፈው የለም ለማለት ያስደፍራል። የሄይንስን ዘዴ ተከትሎ አንድ ላንድ ክሩዘር በአንድ ሰፈር ጋራዥ ሲታደስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚመዘግብ ተማሪ ቢነሣ፣ ሥራው ለኢኮኖሚም ለቋንቋም ለታሪክም ምንጭ ይሆናል።

በሶሊሁል ፋብሪካ በ1948 የተጀመረው ሥራ ዲፌንደር በሚለው የኋላ ስሙ እስከ ጃንዋሪ 29 ቀን 2016 ቀጠለ፤ በጠቅላላው 2,016,933 መኪና ወጣ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ራሱ 25 የመጀመሪያ ዘመን ላንድሮቨሮችን ሰብስቦ እንደ አዲስ አድሶ ለመሸጥ ተነሣ። ባለቤቶች በየጓሮአቸው 60 ዓመት ሲሠሩት የኖሩትን ሥራ ፋብሪካው እንደ ሸቀጥ ያዘው።

በ1948 በአምስተርዳም ከታዩት መኪኖች አንዱ ግን የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ቆይቶ ነበር። ከፋብሪካው በጥቂት ማይል ርቀት ላይ፣ በአንድ ሰው የጓሮ አትክልት ውስጥ እንደ ተገኘ በጃንዋሪ 2018 ተነገረ። በመንገድ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የሄደው በ1960ዎቹ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ 20 ዓመት በዌልስ ሜዳ ላይ ቆሞ ኖሮ፣ ሊያድሰው ያሰበ ሰው ገዝቶት ሳይጨርሰው ቀርቷል። ከመደበኛው ሥራ በፊት እንደ ተሠሩት 48 መኪኖች ሁሉ የእርሱም ሻንሲ በዚንክ የተነከረ ነው፤ በኋላ ወጪ ለመቀነስ ሲባል የተተወውን፣ ባለቤቶችም ከብዙ ዝገት በኋላ በየግላቸው የመለሱትን ነገር ፋብሪካው ከመጀመሪያው ያውቀው ነበር ማለት ነው። መሐንዲሶቹ መኪናውን ሲረከቡ የወሰኑት፣ ሞተሩንና ፍሬኑን አድሰው እንዲሄድ ሊያደርጉት፣ የላሜራውን ጉብጠትና የደበዘዘውን አረንጓዴ ቀለም ግን እንዳለ ሊተዉት ነው።